የሦስተኛው እግር ክርክር

«የእኔን ስፒና ማን ንኪ አለሽ? እኮ ማን?»

«ማንም አላለኝም፣ ጋሼ። ከንፈሯን የነዘራት የሙዚቃ መምህርት አሳዘነችኝና ነካሁት።»

«ነዘራት ብሎ ነገር! ትንሽ ቆንጠጥ አደረጋት እንጂ። እሷ ደግሞ ማይክሮፎኑን ካልሳመችው የዘፈነች አይመስላትም።»

የአዳራሹን በር ከፍቼ ስገባ የሰማሁት ይህን ነው። የመጣሁት ለትምህርት ቤታችን ሃምሳ ወንበር ለመዋስ ነበር፤ የወንበሩን ደብዳቤ በእጄ ይዣለሁ። ነገር ግን ባዶው አዳራሽ ራሱ ይጮኻል። መድረኩ ላይ ሰው የለም፤ ማይክሮፎኑ ብቻውን ቆሟል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ትልልቅ ስፒከሮች ግን ያለማቋረጥ «ጥዝዝዝ» ይላሉ።

የአዳራሹን የድምፅ ዕቃ ሠላሳ ዓመት የያዙት ጋሼ ሽቦ፣ ከኋላ ባለችው ጠባብ የአምፕሊፋየር ክፍል ውስጥ ፒንሳ ጨብጠው ቆመዋል። ይህን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ኪሳቸው ሽቦ አጥቶ አያውቅም። ፊት ለፊታቸው የወንድማቸው ልጅ፣ ዘንድሮ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርቷን የጨረሰችው፣ ጀርባዋን ለሶኬቱ ሰጥታ መንገድ ዘግታባቸዋለች።

«እንኳን መጡ መምህር፤ እስኪ ይፍረዱን» አሉኝ። «አዲሶቹ መብራቶች ከተገጠሙ ወዲህ ይህ ጥዝዝታ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። የስፒናውን ሦስተኛ እግር፣ የመሬቱን፣ ቆረጥኩት፤ ለዘብ አለልኝ። ዛሬ ይህች ልጅ በጠዋት መጥታ አዲስ ባለ ሦስት እግር ገጠመችበት፤ ይኸው ይሰሙታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልምምድ አለ። ሥራ አስኪያጁ ‹ዛሬም ጥዝ ካለ፣ ከሰኞ ጀምሮ ቁልፉ የሌላ ሰው ነው› ብለውኛል። የሚተካኝን ሰውዬም ይዘውት ይመጣሉ አሉ። የገዛ ሥጋዬ ከሥራ ታስወጣኝ?»

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ እርሳቸው አደላ። ሰው የለመደውን ዘዴ የሚወደው ትክክል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ከጭንቅ ስላወጣው ነው።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስተኛው እግር ለድምፅ አልተሠራም፤ ለሰው ነው የተሠራው። ዕቃው ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቅቆ ብረቱን ቢነካ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። እሱን ከቆረጡት በማን በኩል ይውረድ?»

ሽማግሌው ፒንሳውን ከፈት ዘጋ አደረጉት።

«ማይክሮፎኑን በያዘው ሰው በኩል ነው» አለች።

«እሺ ይሁን። ጥዝዝታውንስ ምን ልታደርጊው ነው? እሹሩሩ ልትይው?»

ልጅቷ ሳቀችና ከመድረኩ እስከ አምፕሊፋየሩ ክፍል የተዘረጋውን ረጅም ኬብል አሳየችን። ከመብራቱ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። «ድምፁን የሚያመጣው መሐል ያለው አንድ ሽቦ ነው፤ መመለሻው ዙሪያውን የሸፈነው ጉንጉን ነው። የመብራቱ ጥዝዝታ በሽፋኑ ላይ ይሳፈራል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ዘፈንና ጥዝዝታ አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ያጎላል።»

«ታዲያ በምን ይለያል?» አልኳት። ወንበሩን ረስቼው ነበር።

«ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ያውቃሉ አይደል? ደጅ ቢረሳና ቢዘንብበት ወዴት ያጋድላል?»

ትንሽ አሰብኩ። «ዝናቡ ሁለቱ ሳህን ላይ እኩል ከወረደ የትም አያጋድልም።»

«ያው ነው! ድምፁን በሁለት ሽቦ እንልከዋለን፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ሁለቱን አብረን ስለምንገምዳቸው የመብራቱ ጥዝዝታ በሁለቱም ላይ እኩል ይዘንባል። ይህቺ መቀበያዬ» ከቦርሳዋ የሳሙና ዕቃ የምታህል የብረት ሳጥን አወጣች፣ «የምታየው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ዝናቡን አታይም።»

«ዝናቡን አታይም!» አሉ ጋሼ ሽቦ። «እኛ ግን እንበሰብሳለን።»

ያም ሆኖ አልከለከሏትም። እኔ መሰላል ይዤ፣ እሷ እየወጣች፣ የተገመደውን አዲስ ኬብል ከመብራቱ ሽቦ አርቀን ዘረጋነው። ሽማግሌው ክፍላቸው ውስጥ ከሳጥኗ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ተገጥሞ ተበራ። ጥዝዝታው በግማሽ ቀነሰ፤ ግን አለ።

«ይኸውልሽ! አየችው ዝናቡን!» አሉ፤ ነገር ግን ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም።

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። በፍጥነት አጠፋችውና ሳጥኑን በካቻቢቴ ፈታችው። ሁለቱን ሳህን እኩል ከሚይዙት አራት ትንንሽ ሬዚስተሮች አንዱ ከሌሎቹ ወፍሮ፣ ባቄላ አክሎ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይህን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኛ» አሉ። «ያንቺ የትንኝ እግር መሰለኝ። ይህ ከድሮ ሬዲዮ ያወጣሁት ነው፤ ያው አሥር ሺህ ኦም ነው፣ እንዲያውም ጠንካራ ነው። ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው።»

ልጅቷ አልተቆጣችም። ቴስተሩን በእጃቸው አስያዘቻቸው። ሦስቱን ለኩ፤ ሦስቱም ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሆኑ። የራሳቸውን ለኩ፤ አሥር ሺህ አራት መቶ።

«ከአሥር ሺህ ውስጥ አራት መቶ ብዙ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

የመለሱልኝ ሽማግሌው ናቸው። ዓይናቸውን ከቴስተሩ ሳያነሡ «የአንዱን ሳህን አፍ አሰፋሁባት» አሉ። «ሰፊው ብዙ ዝናብ ይይዛል፤ ሚዛኑ አጋደለ።»

ክርክሩ ያለቀው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ያስረዳቸው ሰው አይደለም፤ የገዛ እጃቸው የለካው ቁጥር ነው የነገራቸው።

«የእኔስ የት አለ?» አለች።

«እግሩን ቆርጬ ጣልኩት» አሉና ራሳቸው ሳቁ። «አመል ሆኖብኝ!»

ከመደርደሪያው ላይ ከየአሮጌው ሬዲዮ የነቀሉት የተጠራቀመበትን ጣሳ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። አንድ በአንድ እየለኩ ቁጥር ይጠራሉ፤ እኔ በወንበሩ ደብዳቤ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። «አሥር ሺህ ሁለት መቶ። ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ። ይሄ ደግሞ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር።» ስልሳኛው አካባቢ ላይ ድምፃቸው ተቀየረ። «ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና!»

መበየጃውን ያነሡት እርሳቸው ናቸው። ከልጅቷ ብየዳ የእርሳቸው ያምራል። ሲበይዱ ደግሞ ይጠይቃሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለማወቅ ብለው ሲጠይቁ ያን ጊዜ ገና ነው።

«የሽፋኑን ሽቦ ወዴት ልውሰደው?»

«መግቢያው ላይ፣ ከሳጥኑ ብረት ጋር ብቻ ይገናኝ። ወደ ውስጥ ካስገባነው የያዘውን ቆሻሻ ይዞ ይገባል።»

«ጫማህን በር ላይ አውልቅ ነው በይኛ። እነዚህ በር ላይ የቆሙት ሁለት ኮሳሶችስ?»

«የሬዲዮና የስልክ ሞገድ የሚያስቀሩ ካፓሲተሮች ናቸው። እነሱም እኩያ መሆን አለባቸው።»

«ገባኝ። ዘበኛም ሚዛን ያስፈልገዋል።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘፋኞቹ ገቡ። የሙዚቃ መምህርቷ ከማይክሮፎኑ አንድ ክንድ ርቃ ቆመች።

«ይቅረቡ እመቤት፣ አይነክስም!» ብለው ጋሼ ሽቦ ከኋላ ጮኹ። «እግሩን መልሰንለታል!»

ስፒከሮቹ ጸጥ ብለዋል። መምህርቷ ጣቷን ማይክሮፎኑ ላይ አሳርፋ «በርቷል እንዴ?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች፤ ሹክሹክታዋ አዳራሹን ሞላው። ዘፋኞቹ ሳቁ። ከዚያ ጀመሩ፤ ከንፈር ለመክፈት የሚሳብ ትንፋሽ እንኳ መጨረሻ ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው በርቷል። «አየህ መምህር፣» አሉ ‹እርስዎ›ን ረስተው፣ «ዘፋኙ ሳይፈራ ይቀርባል፤ ስለዚህ ድምፁን እያጎላሁ ስፒከር አላስጮኽም። ሽቦው ስልሳ ሜትር ይርቅ፣ መቶ ይርቅ፣ ለእኔ ያው ነው። ዋጋው አራት እኩያ ሬዚስተርና ትንሽ ትዕግሥት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፁን ለማዳን ሰውን…» አልጨረሱትም። ፊታቸው ድንገት ጠቆረ።

«የእናንተም ትምህርት ቤት አምፕሊፋየር ሦስተኛ እግር የለውም» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ ነኛ የቆረጥኩት። ልጆቹ ማይክሮፎኑን በየጠዋቱ ይይዙታል፣ አይደል? አንቺ ልጅ፣ ትርፍ ስፒና አለሽ?»

«ሁለት አለኝ፣ ጋሼ።»

«ሁለት አይበቃም። የቀበሌውም አለ። የክሊኒኩም አለ። ቆይ፣ ልጻፋቸው።» ደብዳቤዬን ከእጄ ወስደው፣ ቁጥሮቹ ባለቁበት ቦታ የቆረጧቸውን እግሮች አንድ በአንድ ከነአድራሻቸው መጻፍ ጀመሩ። ልጅቷ ትከሻቸው ላይ ጎንበስ ብላ የረሱትን ታስታውሳቸዋለች።

በኋላው በር በኩል ሥራ አስኪያጁና የዕቃ ቦርሳ ያንጠለጠለ አንድ ሰው ገብተው ቆመው ነበር። ሰውየው አንገቱን አዘንብሎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ቦርሳውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ፤ ሥራ አስኪያጁ በሩን ቀስ አድርጎ ከፈተለት፤ ወጡ። ዘፋኞቹ ሁለተኛውን ዘፈን እየጀመሩ ነበር።