የእግር ልክ

የሰው ወሬ መስማት ነውር ነው ይላሉ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ፣ በሦስት ሰው ወንበር አራት ሆነን ተጠቅጥቀን፣ ጆሮዬን የት ላድርገው? ከፊቴ አንድ ባላገር ሽማግሌና ነጭ የቆዳ ስኒከር ያደረገች ሴት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ይህ ጫማሽ እግር አይቆረጥምም?» አላት።

«ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውል፣ አያ። ቆዳው ለስላሳ ነው፤ ማድረጌንም እረሳዋለሁ። ለሥራም ለለቅሶም እሱኑ ነው የማደርግ።»

«ሸጋ ነው። ለልጄ እንዲህ ያለ ልገዛ ነው የመጣሁ። ነገ ከሱዳን ይገባል። ልኩን ይዣለሁ።»

ከኪሱ ክር አወጣ።

«ውይ፣ አያ! ይህማ የሕፃን እግር ነው!»

«ትቶት ከሄደው ኮንጎ ጫማ ላይ ነው የለካሁት።»

«ሲሄድ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አሥራ ሦስት። ከሄደ ስድስት ዓመት ሆነው።»

«ምነው ታዲያ፣ እግሩ አያድግም?»

«በስልክ እንኳ ድምፁ ጎርንኗል።»

«ድምፁ ጎርንኖ እግሩ ብቻ ሊቀር ነው? ይደውሉና ቁጥሩን ይጠይቁት።»

«ምን ብዬ? የልጄን እግር አላውቅም ብዬ?»

«እንግዲያው ሲመጣ ይውሰዱትና ራሱ ይለካ።»

ሽማግሌው ክሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመው።

«ጫማውስ ይቆይ። ነገ መናኸሪያ ሲወርድ፣ ከዚያ ሁሉ ጎረምሳ መካከል ልጄን በምን ልለየው ነው?»

ታክሲው ማራኪ ሰፈር ደረሰ፤ መውረጃዬ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።