ወራጅ አለ

ከሞጆ ወደ ባቱ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ መቂን እንዳለፍን፣ ከኋላዬ አንዲት አሮጊት አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት ሥራውን ጠየቁት።

«ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት አካባቢውን ምን እንደሚጎዳ እናጠናለን፣ እማማ። ሕጉ ያዛል።»

«ደግ ሕግ ነው። ታዲያ ማንን ትጠይቃላችሁ?»

«እዚያው የሚኖረውን ሰው። ነዋሪው ሳይጠየቅ ፈቃድ አይሰጥም።»

«እዚህ ሐይቁ ዳር ለሚሠራው ፋብሪካስ ማንን ጠየቃችሁ?»

«እዚያማ ሰው የለም። ‹ነዋሪ የለም› ብለን ቶሎ ጨረስነው።»

«ራስህ ሄደህ አይተሃል?»

«እንዴታ! እዚያ ካለው ግራር ሥር አርፈን ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ውሃ ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ።»

ወጣቱ ሳቀ።

«ኧረ እማማ፣ ማንንም አላየንም። ውሃውንም በጆግ ተቀምጦ ነው ያገኘነው።»

«ከእጄ ነው የተቀበልከኝ፣ ልጄ።»



«ወራጅ አለ» አሉ አሮጊቷ።

መኪናው አልቆመም።

«ወራጅ አለ!»

«እዚህ ደግሞ ማን ይወርዳል? ሰው የለም እኮ!» አለ ሾፌሩ፣ ቢሆንም መኪናውን አቆመ።

አሮጊቷ ወርደው ወደ ሐይቁ አቀኑ።

ባቱ መናኸሪያ ገብተን ሰዉ ሁሉ እየወረደ ሳለ፣ እኔንም ‹ሰው የለም› እንዳይሉኝ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።