ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ እጅ

ጌጥዬ! አንቺ ነሽ እንዴ? በነጠላ ተጀቡነሽ በጓሮ በር ስትገቢ የዋጃ እንግዳ መስለሽኝ ነበር። እንዴት አደርሽ? ማሽላው እንዴት ነው ዘንድሮ፣ ወፉ ተወላችሁ? … ተይ፣ አትነሺ፤ ተቀመጪ። ጋሽ ሙላት የሮቢቱን ሰውዬ ትከሻ እያሸ ነው፣ ገና ነው። እኔ ወጌሻ ቤት የመጣሁት ለወገቤ ነው። አንቺስ? … የእጅሽ አንጓ ነው? ውይ ውይ፣ እንዴት አብጧል! እነዚህ ነጠብጣቦችስ ምንድን ናቸው? ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ … ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። ትንኝ ነዋ! የኮቦ ትንኝ እንዲህ ተሰልፋ መንከስ የጀመረችው እኔ ድሬዳዋ ከሄድኩ በኋላ መሆን አለበት።

እስኪጠራን እንጫወት እንጂ። ትናንት አንድ ወረቀት ሳነብ ዋልኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ድሬዳዋ ላይ የሰው መጽሐፍ ስጠርዝ ኖሬ፣ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም። ወረቀቱ የአዲሱ መመሪያ ረቂቅ ነው፤ በቻይና መርፌ የሚያክሙ ሰዎች ፈቃድ እንዴት እንደሚያገኙ፣ ምን ምን ማከም እንደሚችሉ የሚናገር። አኩፓንክቸር ይሉታል። እሰይ! በሰው ገላ ላይ መርፌ የሚሰካ ሰው ፈቃድ ይኑረው ቢባል ማን ይጠላል? የድሮው መመሪያ ራስ ምታትና የጀርባ ሕመም ብሎ ያቆም ነበር። አዲሱ ግን ቸር ነው … ወለምታም፣ ውልቃትም፣ ስብራትም ጨመረላቸው። በመርፌ! እስከ ዛሬ ባነበብኩት ሁሉ የወለቀ አጥንት በመርፌ ሲመለስ አላየሁም። ንባቤ ጥቂት ነው ማለት ነው።

ማን አረቀቀው ብዬ ጠየቅሁ። እዚሁ ኮቦ የመርፌ ክሊኒክ የከፈተ ሰው ነው አሉኝ፤ ባለሙያዎቹን ወክሎ ኮሚቴ ገብቷል። ከኮሚቴው ውስጥ መርፌ የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ የራሱን የሥራ ወሰን ራሱ ለካው። ከማን ቤት እንደወጣ እንጃ፤ እንደ እኔ ይህን ያህል ዘመን የራቀ ሰው ምን ያውቃል? ሦስት ሳምንት ሠልጥኖ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ሰቅሎታል አሉ። ሦስት ሳምንት! እኔን በሦስት ሳምንት ጉንፋን እንኳ አይለቀኝም። ጭንቅላት ነው እንጂ! እናቱ እንዴት ትኮራበት ይሆን? … ታውቂያት ይሆን እንዴ፣ ጌጥዬ?

ለጋሽ ሙላት ማሰቡን ደግሞ ባየሽ! ወጌሻ የተባለ ሁሉ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ ካላመጣ ሰው እንዳይነካ ብሎ ጽፏል። ሽማግሌው ይረፍ ብሎ እኮ ነው። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከጎብዬ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው ሲመጡ፣ «ማስረጃ የለኝም» ብሎ በሩን ዘግቶ ይተኛ። ምን አለበት?

የዚያን ልጅ ነገር ታስታውሻለሽ? እኔ ከኮቦ የወጣሁበት ዓመት ነው። ማሽላ ሲጠብቅ፣ ማማው ላይ ቆሞ ወንጭፉን ሲያዞር፣ ድንጋዩ ቀርቶ ራሱ ተወረወረ። የእግሩ አጥንት ቆዳውን ሊቀድ ምንም አልቀረው። እናቱ ፀጉሯ ተበትኖ፣ አዝላው እዚሁ ግቢ ገባች፤ አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ድንጋይ ሥር ተንበርክካ «ሙላትዬ፣ እግርህን ልሳም» አለች። ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የጠየቀችው አይመስለኝም። አርባ ቀን በቀርከሃ ሲያስር፣ ሲፈታ፣ በቅቤ ሲያሽ … ዛሬ ያ ልጅ ትንሽ እንኳ አያነክስም። ቀጥ ብሎ ነው ኮሚቴ የሚገባው። የማን ልጅ እንደነበር ግን ጠፋኝ። እርጅና መጥፎ ነው! አንቺ ካስታወስሽ …

ነገ ሦስት ሰዓት በከተማው አዳራሽ ሕዝቡ በረቂቁ ላይ አስተያየት ይሰጣል፤ ነገ ዝም ከተባለ ይጸድቃል። በወጌሻው እጅ የዳነ ካለ ይመስክር ተብሏል። እኔ ብነሣ «ከድሬዳዋ የመጣች አሮጊት ምን አገባት?» ይሉኛል። የዚያ ልጅ እናት ብትነሣ ግን አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን እንዴት አድርጋ? ልጇን በሰው ፊት ታሳፍረው? እናት አይደለች? በነጠላ ተሸፍኖ በጓሮ በር መግባት ይቀላታል።

ምነው፣ ነጠላሽን ሳብ አደረግሽው? ብርድ ነው? … ይኸው ጋሽ ሙላት ባለተራውን ጠራ። ሂጂ፣ ተራዬን ለቅቄልሻለሁ። የኔ ወገብ ይቆያል፤ ይህ በር ከነገ ወዲያ ክፍት ይሁን አይሁን ማን ያውቃል?

ቆይ፣ ሳልመርቅሽ አትሂጂ። የተማረ ልጅሽን ያቆይልሽ፣ ጌጥዬ። የጻፈው ሁሉ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ይጽደቅለት። አንቺንም፣ በወደቅሽ ቁጥር ፈጥኖ ይድረስልሽ፤ እስከ ዕለተ ሞትሽ ከእሱ እጅ በቀር የሌላ ሰው እጅ አይንካሽ … አሜን በዪ እንጂ!