ግራይንደሩ ሲቆም

ለቤተ ክርስቲያን በር የሚሆን ላሜራ እያጸዳሁ ነው። ከፋብሪካ ለብሶት የመጣውን ጥቁር ቅርፊት ሰፈር በሚያደነቁረው ግራይንደር ካላነሳሁለት ቀለም አይይዝም። በየቀኑ ቀትር ላይ ማሽኑን አጥፍቼ ለጸሎት ስቆም፣ ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው የወሎው ጋሽ ሰይድም ወዲያው መስገጃቸውን ይዘረጋሉ። ፉክክር መሰለኝና ዛሬ፣ «እኔን ሳያዩ አይሰግዱም እንዴ?» ብዬ ነካ አደረግኳቸው።

«ኪዳነ ልጄ፣ ሰፈሩ ጸጥ የሚለው አንተ ስትጸልይ ነው። ጸጥታውን ነው የምጠብቀው» አሉኝ፣ ቅር ሳይላቸው።

የምገባበት ጠፋኝ። የእግዚአብሔርን ቤት በር እየሠራሁ ሰው ጸሎት ከልክያለሁ። ከሰዓት አዛን ስሰማ ግራይንደሩን ቶሎ አጠፋሁት። ጋሽ ሰይድ ከሱቃቸው ብቅ ብለው፣ «መብራት ሄደ እንዴ?» አሉኝ።

ቀና ብዬ ሳላያቸው፣ «የለም፣ ይስገዱ ብዬ ነው» አልኩ።