ጋኔኑ ገና ሊጫወት የወጣ ዕለት

ጋኔን ከሰው ይበልጣል ለምትሉኝ፣ እኔ አብሬው ገና ተጫውቻለሁ። በገና ዕለት ከመንደራችን ምንጭ ብቅ አለና «ካሸነፍኋችሁ ውሃው የእኔ ነው፤ ለከብቶቻችሁ ሌላ ፈልጉ» አለን። ምን እናድርግ፣ ገጠምነው። ሲሮጥ ንፋሱ ከኋላው «ቆይ ጠብቀኝ» ይለዋል፤ ሲዘል ደመናው ጎንበስ ይልለታል። ጆሮውማ ጉንዳን ስታስነጥስ ይሰማል። ጥንጓን በዱላው እየነዳ ሊያገባብን ሲቃረብ፣ እኔ ከሜዳው ማዶ አፌን በመዳፌ ሸፍኜ፣ «አንተ እናትህ አመድ ላይ ጥላህ ዶሮ ጭራ ያወጣችህ» ብዬ አንሾካሾክሁ። ቀጥ ብሎ ቆመ። «እናቴን ለምን ታነሣለህ?» ብሎ ከእኔ ጋር ሲሟገት፣ ጉልበቱን የሚያመው አያ በላይ እያነከሰ መጥቶ ጥንጓን ነጠቀውና አገባበት።

ጋኔኑ እያለቀሰ ሄዶ ጭቃ ሹማችን ዘንድ ከሰሰኝ። «ልጄ፣ በገና ጨዋታ የተሰደበ አይከስም» አሉት። «አንተም ተለማምደህ ለከርሞ ና።» ይኸው እስከ ዛሬ ከብት ላጠጣ ስወርድ ከቄጠማው ውስጥ ስድብ ሲለማመድ እሰማዋለሁ። «እርስዎ ባለጌ ነዎት» ከሚለው ግን አላለፈም።