ሦስት ዘበኛ ለአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ሥራችሁን አቁማችሁ ለአንድ ሽማግሌ የበር ዘበኛ የጡረታ ስንብት አዳራሹን ስለሞላችሁልኝ አመሰግናለሁ። ከደረደራችኋቸው ወንበሮች ሁለቱ እግራቸው ስንጥቅ ነው። ማን እንደተቀመጠባቸው አልናገርም፤ ብቻ ብዙ አትሳቁ።

ሃያ ሁለት ዓመት እንግዳ በመጣ ቁጥር መዝገቡን አዙሬ፣ "ስምዎን ራስዎ ይጻፉ፤ አሠራሩ ነው" ስል ሰምታችኋል። አንድ ቀን ከረቫት ያሰረ ሰውዬ "አንተ አትጽፍልኝም?" ቢለኝ፣ "አሠራሩ ካልተስማማዎት በሩ ያው ነው" ብዬዋለሁ። "አሠራሩ" የሚል ቅጽል ስም ያወጣችሁልኝም በዚሁ ነው። የማልሰማ መስሏችሁ ነበር?

ዛሬ ልናገር። እንዲህ ያለ አሠራር የለም። መጻፍ የማልችለው እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አስተማሪ ነበረች። ላስተምርህ ስትለኝ ከሚስት አልማርም አልኩ። ግትር ነኝ፤ እሷ ደግሞ ትብሰኝ ነበር። ስትታመም አርባ ትምህርት በድምጿ ቀድታ በላፕቶፗ ውስጥ ተወችልኝ። ከሞተች በኋላ ጀመርኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ስታዩኝ፣ "ዜናው ምን ይላል አባባ?" ትሉኝ ነበር። "እንደ ትናንቱ ነው" እላለሁ። የምሰማው ግን፣ "አንተ ሰውዬ፣ አጣመምከው! ድገም!" የሚል ነው። ሳታየኝ እንዴት እንዳወቀች እንጃ።

ሃያ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ላፕቶፗ መንቀራፈፍ ጀመረች። ማዶ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ሰውዬ፣ "ቫይረስ ነው፤ አንቲቫይረስ ይጫንባት" አለ።

"በነጻ የሚገኝ አለ?"

"ሞልቷል።"

"እንግዲያው ሦስት ጫንልኝ!"

"አባባ፣ አንድ ይበቃል።"

"ጥበቃ ልታስተምረኝ ነው?" ብዬ አፉን አስዘጋሁት።

ሦስቱ ዘበኞች እርስ በርስ እንደ ሌባ ሲፈታተሹ ላፕቶፗ ቀጥ አለች። የባለቤቴም ድምፅ አብሮ ጠፋ።

ያን ቀን ነው የኮምፒውተር ባለሙያችን ዘንድ የሄድኩት። ያቻትና፣ አቀርቅራ ትስቃለች። "አባባ፣ ሜሞሪዋ ትንሽ ነው፤ ሁሉንም አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫንባት" አለችኝ።

"ሞቼ እገኛለሁ!"

"ውስጧ ምን አለ?"

የባለቤቴ ድምፅ እንዳለባት፣ እኔም መጻፍ ገና እየተማርኩ መሆኔን ነገርኳት። ከባለቤቴ ሌላ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አልሳቀችም። ወንበር ሳበችልኝ።

ሦስቱንም አሰናበተቻቸው፤ ቫይረሱን አጸዳች፤ የባለቤቴንም ድምፅ በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችኝ። "አሁን አንድ ዘበኛ ብቻ እንቅጠር፤ መራጩ እርስዎ ነዎት" አለች።

እኔም የሙከራ ጊዜ ሰጠኋቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቀን፣ ለብቻው። ፈተናው አንድ ነው፦ የመጀመሪያው ትምህርት በስንት ጊዜ ይከፈታል?

አንደኛው፣ በሩን ከፍቼ፣ መኪና አስገብቼ፣ ዘግቼ ስመለስ ገና እየከፈተ ነበር። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ግን በየደቂቃው "ዋናውን ግዙኝ" እያለ መስኮቱ ላይ ይደቀናል። ቆሞ የሚለምን ዘበኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስተኛው ዝምተኛ ነው። ሜሞሪ አይሻማም፣ ራሱን ያድሳል፣ ላፕቶፗን የሚፈትሸው እኔ እጄን ከላይዋ ሳነሳ ነው። ትምህርቱን ስነካው ወዲያው፣ "ደህና ዋልክ? እርሳስህን ያዝ" የሚለው የባለቤቴ ድምፅ መጣ።

"ይሄኛው ተቀጥሯል!" አልኩ። እንባዬን ለባለሙያዋ አቧራ ነው ብያታለሁ።

"ግን ያገኙትን ፍላሽ ሁሉ አይሰኩባት" አለችኝ።

"እኔ በሬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አስገብቼ አውቃለሁ?"

ይህን የማነብላችሁን ወረቀት ማንም አልጻፈልኝም። ፊደሉ ቢንጋደድም የእጄ ነው። ሠላሳ ዘጠኙን ጨርሻለሁ፤ አርባኛውን ግን ለጡረታ አቆይቼዋለሁ። ዛሬ ቤቴ ስገባ እከፍተዋለሁ። ምን ብላ እንደምትሰናበተኝ አላውቅም፤ መቆጣቷ ግን አይቀርም።

ልጆቼ፣ በሄዳችሁበት በር ሁሉ ይከፈትላችሁ። የምትወዱት ድምፅ ከቤታችሁ አይጥፋ። የሚጠብቃችሁም፣ ሳይነዘንዝና ሳይከብዳችሁ የሚጠብቅ ይሁን። አንቺም ልጄ፣ ወንበር የሚስብልሽ አትጪ።

አሁን ልሂድ። በሩ ላይ መዝገቡን አዙራችሁ ስጡኝ። ስሜን ራሴ እጽፋለሁ።

አሠራሩ ነው።