ሐብሐብ ሻጩና የምንዛሪው ሱቅ

በፕራግ ከተማ፣ የሩቅ አገር አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ጣቢያ በር ላይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰርቢያ የሚመጣው አውቶቡስ ሲገባ እዚያ አረፍ ማለት ልማዴ ነው። የምጠብቀው ሰው ኖሮኝ አይደለም። ካገሬ ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነውና፣ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ያገሬን ቋንቋ እንደ ልብ የምሰማው እዚያ ነው። ትምህርቴንም ከተማሪ ቤት ይልቅ ከሰው አፍ የለቀምኩ ስለሆንኩ መስማት አይሰለቸኝም።

ባለፈው የጸደይ ወራት በአንዱ ቅዳሜ ግን ጨዋታው ራሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ትከሻ ሰፊ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ጭናቸው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም የክርስትና ሻማና የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ። ፊት ለፊታቸው አንዲት ወጣት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አበልጅ፣ እባክዎ አንዴ ያሳዩኝ። እዚያ ማዶ ባለው የምንዛሪ ሱቅ ስንት ሰጡዎት?»

«የሰጡኝን ሰጡኝ! ወንድ ልጅ ገንዘቡን መንገድ ላይ አይቆጥርም።»

«ወንድ ልጅ ካልቆጠረ ሴት ልጅ ትቁጠርልዎ፤ ያምጡ።»

ሳቄን መያዝ ስላቃተኝ ሽማግሌው ዞር አሉና፣ «ያገር ልጅ ነዎት ለካ! በሉ ይፍረዱን። ይቺ ልጅ ከአውቶቡስ ከወረድኩ ጀምሮ እንደ ጉምሩክ እየፈተሸችኝ ነው» አሉ።

እንዲህ ተዋወቅን። ስማቸው ራዶሳቭ ይባላል፤ በሰርቢያዋ ሌስኮቫች ገበያ ዕድሜ ልካቸውን ሐብሐብ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ወጣቷ ዱንያ እዚሁ ፕራግ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። በማግስቱ እሑድ የወንድሟ የበኩር ልጅ ይጠመቃል፤ ክርስትና የሚያነሡት ራዶሳቭ ናቸው። የእሳቸው ቤት ለእነዱንያ ቤት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ አበልጅ ነው። እንዲህ ያለው አበልጅነት በእኛ ዘንድ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል፤ ከሥጋ ዝምድናም አያንስም። ሻማውም፣ ነጩ ጨርቅም፣ የአንገት መስቀሉም ከክርስትና አባት እጅ ይመጣል። ሻማውና ጨርቁ እነሆ መጥተዋል። የልጁ ስም የተቀረጸበት የወርቅ መስቀል ግን አንድ የከተማው ወርቅ አንጥረኛ ዘንድ ተቀምጦ በዚህ አገር ገንዘብ ዘጠኝ ሺህ ኮሩና ይጠብቃል። ሱቁ የሚዘጋው በአሥር ሰዓት ነው፤ እሑድ አይከፈትም።

ራዶሳቭ ገንዘቡን በመጨረሻ አወጡት። ዱንያ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

«ስድስት ሺህ አራት መቶ! አበልጅ፣ ስንት ዩሮ ነበር የሰጧቸው?»

«አራት መቶ። ሚስቴ ካፖርቴ ገበር ውስጥ የሰፋችው በሙሉ።»

«ለአንድ ዩሮ ሃያ አራት ኮሩና ግድም ይገባዎት ነበር እኮ። የሰጡዎት አሥራ ስድስት ነው። ሲሶውን ወሰዱብዎ!»

«አታጋኚ። ‹ኮሚሽን ዜሮ› ብሎ በትልቁ ጽፏል፤ ማንበብ እችላለሁ።»

«ኮሚሽኑማ ዜሮ ነው፤ የበሉዎት በዋጋው ነው። ለምን ሁለት ሦስት ቤት አልጠየቁም?»

«ምንዛሪ ምን ይጠየቃል? ሌስኮቫች በየጥጉ መንዛሪ አለ፤ አንዱ ጋ ብትገቢ ሌላው ጋ ብትገቢ የሳንቲም ልዩነት ነው።»

እውነታቸውን ነው። ባገራችን መንዛሪው ሁሉ ዋጋው ተቀራራቢ ስለሆነ የመጀመሪያውን በር ገፍቶ መግባት ልማድ ሆኗል። ሰው ደግሞ ልማዱን እንደ ጥላው ይዞት ይሄዳል፤ ፀሐዩ የሌላ አገር መሆኑን አያስተውልም።

የጎደለው ገንዘብ ትርጉም ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ፊታቸው ጠቆረ። «ታዲያ መስቀሉስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ወንድሜ ይሞላዋል።»

«እግዜር አያድርገው! አበልጅ ከልጁ አባት ተበድሮ መስቀል ሊያስር? አባቴ ከመቃብሩ ይነሣል!»

«እንግዲያው ሌላ መንገድ አለ» አለች ዱንያ ጎንበስ ብላ። «ባገሩ ሕግ የመነዘረ ሰው ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ተመልሶ ‹ትቼዋለሁ› ቢል፣ ሱቁ ምክንያት ሳይጠይቅ ገንዘቡን ይመልስለታል። የእርስዎ ገና አንድ ሰዓት አልሆነውም። ይነሡ።»

ሽማግሌው አልተነሡም።

«አልሄድም። እጄን ዘርግቼ ተቀብያለሁ፤ አበቃ። አርባ ዓመት ገበያ ስቆም አንድ ቀን ቃሌን አላጠፍኩም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!»

«እንዴ! በክርስትና ዋዜማ እንዲህ ይባላል?»

ደንግጠው አማተቡ። «ተረቱ ነው እንጂ... ልጁንስ እግዜር ያሳድገው።» ከዚያም ድምፃቸውን አጠነከሩ፦ «ቢሆንም አልሄድም። ያታለለኝ ሰው ዕዳው ከፈጣሪው ጋር ነው።»

ዱንያ በንዴት ቀና አለች። ከአፏ የሚወጣው ቃል ስለት እንደሚኖረው አየሁና ቀደም አልኳት። እኚህ ሰው ግትር የሆኑት መጎዳትን ወደው አይደለም። የኖሩበትን ክብር ይዘው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በሕግ ቁጥር ብቻ ከቆመበት ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ በራሱ ክብር በር መግባት ያሻል።

«ጋሽ ራዶሳቭ» አልኳቸው፣ «ሐብሐቡን እንዴት ነበር የሚሸጡት?»

ጀርባቸው ቀና አለ። «በቢላ ነዋ! ሦስት ማዕዘን ቀድጄ አወጣለሁ። ቀይ ሆኖ ካልጣፈጠው ገዢው አይከፍልም፤ ለአሳማ ይሄዳል። ልጣጩን ብቻ አሳይቶ የሚሸጥ ሌባ ነው።»

«ሳያስቆርጥ ወስዶ ቤቱ ሲከፍተው ነጭ የሆነበትስ?»

«ይመልሰዋላ! ሌላ መርጬ እሰጠዋለሁ። አንዴማ አንዱ ግማሹን በልቶ ነው የመለሰልኝ፤ ለሱም ሰጥቼዋለሁ።» ከት ብለው ሳቁ።

«ያ ሰው ታዲያ ቃሉን አጥፏል ይሉታል?»

«እሱ ምን አጠፈ? ያጠፈው ሐብሐቡ...» ብለው ቆም አሉ።

ዱንያ አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። ሰው ራሱ የደረሰበትን እውነት ሌላ ሰው ሲነጥቀው መልሶ ይጥለዋልና።

ሽማግሌው ወደ ባለ መስታወቱ የምንዛሪ ሱቅ ብዙ ተመለከቱ። «‹ኮሚሽን ዜሮ› ልጣጩ ነበር ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሦስቱ ሰዓት ደግሞ ቢላው። ያገሩ ንጉሥ ይሁን ምክር ቤት፣ ሕጉን ያወጣው ገበያ የቆመ ሰው መሆን አለበት። ተነሡ!»

«ደረሰኙን ይዘውታል?» አለች ዱንያ።

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የወጣው የተጨማደደ ወረቀት የዱባ ፍሬ ልጣጭ ተጠቅልሎበታል። «መሬት እንዳልጥል ብዬ ነው» አሉ አፍረው። ዱንያ ልጣጩን አራግፋ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዳምጣ ዘረጋችው። «ይነበባል! ስለ ጨዋነትዎ እግዜር ይስጥዎ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎት ነበር።»

በመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት መጀመሪያ «አይቻልም» አለች። ዱንያ ድምፅዋን ሳታነሣ ሕጉን ነገረቻት። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች፣ እኛን አየች፣ ከጀርባችን የተሰለፉትንም አየች። ከዚያ ኮሩናውን ተቀብላ አራቱን መቶ ዩሮ ቆጥራ መለሰች። ራዶሳቭ ኮፍያቸውን አንሥተው አመሰገኑ። ወጥተን፣ ዱንያ «ለሷ ምን ምስጋና ያስፈልጋል?» ብትላቸው፣ «ሐብሐቡን የዘራችው እሷ አይደለችም» አሏት።

ወደ ወርቅ አንጥረኛው ስንሄድ ክርክሩ በሌላ በኩል ቀጠለ።

«አሁን ዩሮውን የት እንመንዝረው?»

«ባይመነዝሩትስ? ጡረታዎ የሚገባበትን ካርድ ይዘዋል አይደል?»

«ምራቴ በግድ ኪሴ ከታዋለች። እኔ ባንክ አላምንም፤ በዘጠናዎቹ አንዴ በልቶኛል፤ የአንድ ትራክተር ዋጋ!»

«ሀብትዎን ባንክ ያከማቹ አላልኩም። ግን ያስቡት፤ ዲናሩን አገር ቤት ወደ ዩሮ ለወጡ፣ ዩሮውን እዚህ ወደ ኮሩና ሊለውጡ ነው። በሁለት በር ሲያልፉ ሁለት ቀረጥ ይከፍላሉ። የተረፈውን ኮሩና ይዘው ሲመለሱ ሦስተኛ በር አለ። በካርድ ከከፈሉ አንዴ ባንክዎ ያስላልዎታል።»

«ባንክስ አይቆርጥም?»

«ይቆርጣል፤ ከባንክ ባንክ ይለያያል። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ሄደው ‹ውጭ አገር ስከፍል ስንት ትወስዳላችሁ?› ብሎ መጠየቅ ነው። ያንን ምራትዎ ጠይቃልኛለች፤ የእርስዎ ጥቂት ነው። ጥሬ ገንዘብ ካስፈለገዎት ደግሞ ከባንክ ግድግዳ ላይ ካለው ማሽን አንዴ በርከት አድርገው ያውጡ። የጎብኚ ማስታወሻ በሚሸጥባቸው ሱቆች በር ከተገተረው ባለ ደማቅ ቀለም ማሽን ግን ይራቁ፤ አብዝቶ ይቆርጣል።»

«ደማቅ ልጣጭ» አሉ ለራሳቸው።

ወርቅ አንጥረኛው ሊዘጋ ሲል ደረስን። መስቀሉን በጥቁር ጨርቅ ላይ አኖረልን፤ ከጀርባው «ኦግኒየን» የሚለው የሕፃኑ ስም በደቃቅ ፊደል ተቀርጿል። ራዶሳቭ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መነጽሩ ግን አልቆሸሸም ነበር። ካርዳቸውን ከመሐረባቸው ፈትተው ለሰውየው ሰጡ። ሰውየውም ትንሿን የመክፈያ ማሽን ወደ እሳቸው አዞረ፤ መስኮቷ ላይ በኮሩና ወይስ በዲናር እንደሚከፍሉ የሚጠይቁ ሁለት ምርጫዎች ነበሩ።

«ዱንያ፣ እይ! ዲናር ይላል! ያገሬን ገንዘብ ያውቃሉ፤ እንዴት ያለ አክብሮት ነው!» ጣታቸው ወደ ዲናሩ ሄደ።

ዱንያ ከንፈሯን ነከሰች። ጣታቸውም ከመንካቱ በፊት አየር ላይ ቆመ።

«ቆይ። መስቀሉ የሚሸጠው በኮሩና ነው። ታዲያ ዲናሩን ማነው የተመነው?»

«የማሽኑ ባለቤቶች» አለች።

«ቢላው የታለ?»

«የለውም።»

ኮሩና የሚለውን ተጫኑ። ዱንያ በስልኳ አሰላችና፣ ዲናሩን መርጠው ቢሆን ኖሮ ሁለት ሺህ ተኩል ዲናር ያህል በከንቱ ይጨምሩ እንደነበር ነገረቻቸው። «የሁለት ኪሎ አይብ!» አሉ ራዶሳቭ፤ ወደ ማሽኗም እንደ ሌባ ጎረቤት ተመለከቱ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አየኋቸው። ሻማው በእጃቸው፣ መስቀሉ በሕፃኑ አንገት ላይ ነበር፤ ከማንም አልተበደሩም። ከግብዣው በኋላም ካፖርታቸው ገበር ውስጥ ከተመለሰው ዩሮ ቀንሰው፣ እንደ ደንባችን በሕፃኑ ትራስ ሥር አኖሩ። ትናንት ለመስታወቱ ሱቅ ሊቀር የነበረ ገንዘብ ዛሬ የሕፃን በረከት ሆነ። ቁጠባ ንፉግነት የሚመስለው ሰው ይህን ያስተውል፤ በመንገድ ላይ በከንቱ ያልፈሰሰ ገንዘብ ለሚወዱት ሰው ይደርሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ትምህርት አይደለም። ከመነሣት በፊት ባንክን መጠየቅ፣ ከመመንዘር በፊት «በዚህ ገንዘብ ስንት በእጄ ይገባል?» ማለት፣ ማሽን ሲጠይቅ ያሉበትን አገር ገንዘብ መምረጥ፣ ደረሰኝን መያዝ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሲሳሳቱ ተመልሶ ለመጠየቅ አለማፈር ነው።

ራዶሳቭን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊሳፈሩ ሲሉ ነው። ዱንያ ስንቃቸውን ይዛ፣ እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ ስንሰናበት፣ ከሰርቢያ የመጣው አውቶቡስ ገባ። አንድ ጎልማሳ ወርዶ ሻንጣውን እየጎተተ በቀጥታ ወደ መስታወቱ ሱቅ አመራ። የራዶሳቭ አውቶቡስ ሞተር ተነሥቶ ሹፌሩ ጥሩንባ ቢነፋም እሳቸው አልሰሙም። አንድ እግራቸውን መረገጫው ላይ እንዳደረጉ፣ በዚያ በገበያ በተሳለ ድምፃቸው ጣቢያውን አናወጡት፦

«አንተ ሰውዬ! ሐብሐቡን አስቆርጠሃል?»